በመጽሐፍ የቆየ ቋንቋ

ወገኖች፣ በታይዋን ደሴት ካናካናቩና ሳአሮአ የሚባሉ ቋንቋዎች አሉ። ከማዳጋስካር እስከ ሃዋይ ከተዘረጋው የአውስትሮኔዥያ ቤተሰብ ናቸው፤ አጥርተው የሚናገሯቸው አረጋውያን ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያው ደሴት የሚገኘው ሲራያ ከእነርሱ ቀድሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ከሰው አፍ ጠፋ። ታሪኩ ከወንጌል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስለ እርሱ እንነጋገር።

በ17ኛው መቶ ዘመን ለሲራያዎች ወንጌልን ያመጡት የኔዘርላንድ መጋቢዎች ደመወዛቸው ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነበር። ይህን መደበቅ አይገባንም። ቃሉ ከወታደርና ከነጋዴ ጋር በአንድ መርከብ መጣ፤ የሕዝቡም ሴት ካህናት ከመንደራቸው በግዞት ተባረሩ። ይህ የጌታ መንገድ ነበር ለማለት አንደፍርም።

ከመጋቢዎቹ አንዱ ዳንኤል ግራቪየስ ከ1647 እስከ 1651 እ.ኤ.አ. በደሴቲቱ አገለገለ። የማቴዎስን ወንጌል ወደ ሲራያ መለሰ። መጽሐፉ በ1661 በአምስተርዳም ታተመ፤ ኔዘርላንድኛው በአንድ ዐምድ፣ ሲራያው በጎኑ። በዚያው ዓመት የቻይናው የጦር አለቃ ኮክሲንጋ ደሴቲቱን ወረረ፤ በ1662 ኔዘርላንዶች እጅ ሰጡ፣ መጋቢዎቹም አብረው ሄዱ።

ፊደሉ ግን ቀረ። ሲራያዎች ከሚስዮናውያኑ በተማሩት የላቲን ፊደል መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የመሬት ውል ሲጽፉ ኖሩ። መጋቢ የለ፣ አስገዳጅ የለ፣ አባት ለልጁ አስተማረ! በኋላ ቻይንኛው ቋንቋቸውን ዋጠው። ሚስዮናዊው ዊሊያም ካምቤል በ1888 ያንን ማቴዎስ እንደገና ሲያሳትመው ሊያነበው የሚችል የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የፍሬ ሪፖርት ለምንጽፍ አገልጋዮች ግራቪየስ ያስቸግራል። ጸንቶ የኖረ ጉባኤ ትቶ አልሄደም፤ በየትኛው ዐምድ እናስፍረው?

በእኛ ዘመን ኤድጋር ማካፒሊ የተባለ ፊሊፒናዊ ሙዚቀኛ ከሲራያ ቤተሰብ ሚስት አገባ። ያንን ማቴዎስ ሲያነብ ብዙ ቃላት የራሱን የቢሳያ ቋንቋ ይመስላሉ፤ ዘመዳሞች ናቸውና። ቃል በቃል ለቀመና በ2008 መዝገበ ቃላት አወጣ። እኛ ግዕዝ ከቤት ወጥቶ በመጽሐፍና በዜማ ሲኖር ያየን ሰዎች ይህ ብዙ አይገርመንም። ሲራያ ግን ወደ ቤት ሊመለስ እየሞከረ ነው፤ ዛሬ በታይናን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ይማሩታል። ወንጌል ውስጥ ላልተገኘው የምድጃና የጨዋታ ቃል መምህራኑ ከዘመድ ቋንቋዎች ይፈልጋሉ፤ ካጡም አዲስ ይፈጥራሉ።