ቅርብ ነው ብዬ

አቃቂ ቃሊቲ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ሰፈር ርቀት በኪሎ ሜትር አይነገርም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «መንገዱ ካልተዘጋ ግማሽ ሰዓት፤ ከባድ መኪናው ከተሰለፈ ግን እግዜር ያውቃል» ነው መልሱ።

በ2017 ዓ.ም. ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ይኸው ነገር ሌላ መልክ ይዞ መጣብኝ። የሞተችው የጎረቤቴ የእትዬ ታናሽ እህት ናት። በወጣትነቷ ባሏን ተከትላ አስመራ ሄደች፤ እዚያው ወልዳ ከብዳ ኖረች። ቀብሩ እዚያ፣ ድንኳኑ እዚህ ሆነ። አንድ ወጣት ስልኩን ጎርጎር አድርጎ፣ «ከቦሌ አስመራ እኮ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው» አለ።

እትዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ እሱ የአውሮፕላኑ ነው። የኔን ንገረኝ» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን።

መቼም ልጁ አልተሳሳተም። ካርታ ብትዘረጉ አስመራ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብላ በስተሰሜን ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአስመራ በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ነገሩ ተገለበጠ፤ አስመራ ለመግባት ካይሮን ወይም ሌላ ሩቅ ከተማ መዞር ግድ ሆነ። በካይሮ የዞረ ሰው ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ያውም ገንዘቡና ቪዛው ካለው ነው። እትዬ ሁለቱም አልነበራቸውም። ቀጥታ ስልክ እንኳ ተቋርጦ ስለነበር የእህታቸው ወሬ የሚደርሳቸው ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ዞሮ ነው። እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት አለፈ።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው እንደገና ተጀመረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እትዬን ቦሌ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ከቤት እስከ ቦሌ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ማታ ከአስመራ ደወሉልኝና «አንተ፣ አውሮፕላኑ ካንተ መኪና ፈጠነ እኮ!» ብለው ሳቁ። ከጀርባቸው ሌላ ሴት ስትስቅ ይሰማኛል፤ ሳቋ ቁርጥ የሳቸው ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር ነበር። በልብ ወለድ ውስጥ ሃያ ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል፤ አንድ ሰዓት ደግሞ ሙሉ ምዕራፍ ሊፈጅ ይችላል። ያኔ ይህ የደራሲ ዘዴ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራው ዳግም ተቋረጠ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማውቀው ኪሎ ሜትሩ አለመጨመሩን ነው። 700ው ያው 700 ነው።

በሠልስቱ ማግስት እትዬ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «ያኔ ሳምንት ብቻ ቆይቼ መመለሴ ነው የሚቆጨኝ» አሉኝ። «እሷማ ‹ሰንብቺ› ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኳት።»

«ለምን እትዬ?»

«ቅርብ ነው ብዬ ነዋ!»