ያልወሰድሁት ሳጥን

ያ የእንጨት ሳጥን እጄ ገብቶ ነበር። እጄ ገብቶ መልሼ አስቀመጥሁት።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙም ሳይርቁ፣ ዲጂታል ካሜራ መጥቶ ሥራ ያሳጣቸው አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነበሩ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ልጆች ቴአትራቸውን እንደጨረሱ፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ልብሱንም ሳያወልቁ ለማስታወሻ ወደ እሳቸው ይሮጡ ነበር። ጣናና ታንኳ የተሣለበት መጋረጃ ነበራቸው፤ ንጉሡም፣ ባንዳውም፣ ሙሽራዋም እዚያ ፊት ቆመዋል። ኔጋቲቩን አንድም ሳይጥሉ በወረቀት እየጠቀለሉ በዚያ ሳጥን አኑረውታል።

አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። አፄ ቴዎድሮስ የሆነ ልጅ ነው፤ ሹሩባው የክር፣ ለምዱ የበግ ቆዳ፣ ጎራዴው የውሰት። ኔጋቲቭ ነውና ፊቱ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

«ልጄ፣ ውሰደው። ከእኔ በኋላ ዋጋውን የሚያውቅለት የለም» አሉኝ።

ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊወርዱ ተዘጋጅተው ነበር። «ሲመለሱ እመጣለሁ፣ ጋሼ» አልሁ። ምን ነበር የያዘኝ? ምንም! አንድ ባጃጅ መጥራት ነበር የሚያስፈልገው።

እሳቸው ተመለሱ፤ እኔ አልሄድሁም። ዛሬ ነገ ስል ክረምት አለፈ። ሲሞቱ ለቅሶ ደረስሁ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ስለ ሳጥን መጠየቅ አፈርሁ። ከአርባቸው በኋላ ስጠይቅ «እርጥበት ገብቶት ተጣብቆ ነበር፤ ቤቱ ሲጸዳ ከቆሻሻው ጋር ሄደ» ተባልሁ።

እንዲህ ሳይጠፋ የቆየም አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የመድረክ ልብሳቸውን የለበሱ ተዋንያን ምስል በወረቀት እየታተመ ይሸጥ ነበር፤ ያለ ቀለም አንድ ፔኒ፣ በቀለም ሁለት ፔኒ። ልጆች ሳይቀሩ ይገዙት ነበር። ኒው ዮርክ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1833 በኮቨንት ጋርደን መድረክ ኦቴሎን የተጫወተው ጥቁሩ ተዋናይ አይራ አልድሪጅ ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ ሆነው፤ ኦቴሎ ሆኖ ግን ዛሬም ወረቀት ላይ ቆሞ ይታያል። እኛም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የምንሰማው ድምፁን በቴፕ ቀድቶ ያኖረ ሰው ስለነበረ ነው። ለእነዚያ የቀበሌ ልጆች ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ። የታወቁ አልነበሩም፤ በጋዜጣ አልወጡም፤ ከዚያ ሳጥን ሌላ ማደሪያ አልነበራቸውም።

ባለፈው ዓመት ያን ቴዎድሮስ አገኘሁት። ጡረታ ወጥቷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ቤት ሲቀይር የራሱ ፎቶ ጠፍቶበታል። ሳጥኑን እንዳየሁ ስነግረው ክንዴን ያዘኝ።

«እኔ ነበርሁበት?»

«ነበርህ።»

«ፊቴስ እንዴት ነበር? እንደው ቴዎድሮስን እመስል ነበር?»

እኔ ያየሁት ያንን ነጭ ፊት ብቻ ነው።