ሸት፣ ስቲካ፣ ማንከስ

በእንግሊዝ ሙዚየሞች ከ7ኛውና ከ8ኛው መቶ ዘመን የተረፉ ደቃቅ የብር ሳንቲሞች አሉ። ክብደታቸው ከአንድ ግራም ብዙ አይርቅም፤ ስፋታቸውም 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «ሸት» ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ግን በነሱ የሸመቱ ሰዎች አይደሉም። የ17ኛው መቶ ዘመን የታሪክ አጥኚዎች ከድሮ ሕግ ውስጥ አግኝተው ለጠፉባቸው።

ከነዚህ ሕጎች አንዱ የኬንቱ ንጉሥ ኤተልበርት በ600 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያወጣው ነው። ለእያንዳንዱ የአካል ጉዳት ካሳውን ይቆርጣል፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ለነቀለ 30 ሸት፣ ለሌሎቹ ጣቶች ጥፍር 10፣ 10 ሸት። ሃያው ሸት አንድ ሺሊንግ ነው። ያኔ ግን በኬንት ገና የብር ሳንቲም አይመታም ነበር! ሸት የወርቅ መመዘኛ ሳይሆን አይቀርም። ብሩ የመጣው ከ70 ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ ሕዝቡም የሚጠራው «ፔኒ» እያለ እንደነበር ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። የዌሴክሱ ንጉሥ ኢነ በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያ ባወጣው ሕግ ውስጥ ቃሉ አለ።

የስቲካ ነገር ከዚህ ይለያል፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። በሰሜን፣ በኖርተምብሪያ፣ ብሩ እየሳሳ ሄዶ በ9ኛው መቶ ዘመን ሳንቲሙ መዳብ ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1832 ሄክሳም በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር ሲቆፈር 8,000 ያህሉ በአንድ የነሐስ ባልዲ ተገኝተዋል። የድሃ እጅ ገንዘብ ነው። ስሙ የተረፈልን ደግሞ በወንጌል መስመሮች መካከል ነው፦ በ10ኛው መቶ ዘመን አልድሬድ የሚባል ቄስ በላቲን በተጻፈው የሊንዲስፋርን ወንጌል ላይ ቃል በቃል የራሱን ቋንቋ ሲጽፍ፣ ድሃዋ መበለት በመዝገቡ የጣለቻቸውን ሁለት ሳንቲሞች «ስቲካ» አላቸው። የመዳቡ ሳንቲም መመታት ካቆመ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ቃሉ ግን በሰሜን ሰው አፍ ኖሯል፤ ለዚያች ሴት ስጦታም ከዚህ ያነሰ ስም አልነበረውም።

ማንከስ የባለጠጋ ቃል፣ የወርቅ ገንዘብ ስም ነው፤ አንዱ 30 ፔኒ ያወጣል። የዌሴክሱ ንጉሥ ታላቁ አልፍሬድ በኑዛዜው ለእያንዳንዱ ሹሙ 100 ማንከስ፣ ለአንደኛው ደግሞ 100 ማንከስ የሚያወጣ ሰይፍ ተናዟል። ቃሉ «የተቀረጸ» ከሚል ዐረብኛ እንደመጣ ብዙዎች ይስማማሉ። የመርሲያው ንጉሥ ኦፋ ያስመታው አንድ የወርቅ ሳንቲም ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ በ157 ዓመተ ሂጅራ የተመታ የከሊፋ አል-መንሱር ዲናር ግልባጭ ነው። ቀራጩ ዐረብኛውን ሳያነብ ከነእስልምና ምስክርነቱ ገልብጦ፣ «ኦፋ ንጉሥ» የሚለውን በላቲን ፊደል ቁልቁል ተክሎበታል። የክርስቲያን ንጉሥ ስም እዚያ መሃል ሲታይ የዚያን ዘመን ንግድ ስፋት ከማንኛውም ካርታ በላይ ያሳያል።

አሁን አሁን ብዙ አጥኚዎች ሸትን ትተው «የመጀመሪያዎቹ ፔኒዎች» ብለው ይጽፋሉ። ሰብሳቢዎች ግን የለመዱትን ስም አልለቀቁም። እኔ ከአጥኚዎቹ ጋር ነኝ፤ በእጁ ይዞት የኖረው ሰው የሚለው ስም ይቅደም። በዚሁ ሚዛን ስቲካና ማንከስ በቦታቸው ይቆዩ፤ አንዱን ቄስ ለመበለቲቱ፣ ሌላውን ንጉሥ ለሹሞቹ ጽፎታልና።