መሣሪያው አለ፤ የለመደ እጅስ?

የአንድን የሥራ ቦታ ደኅንነት እንዲመረምር የተላከ ሰው ዘወትር ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛው «የአደጋ መከላከያው መሣሪያ ተሟልቷልን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ሠራተኞቹ ሠልጥነዋልን?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የንብረት መዝገብ፣ ለሁለተኛውም የሥልጠና መዝገብ ይቀርብለታል። መርማሪውም ሁለቱን መዝገቦች አገላብጦ ቍጥሩ ከተስማማለት ፊርማውን አኑሮ ይመለሳል። ይህ አሠራር የተለመደ ስለ ሆነ የሚነቅፈው ብዙ ሰው የለም። እኛ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው እስከ ተጠየቁ ድረስ ሁለቱም መልስ አላገኙም እንላለን። መሣሪያ የለመደ እጅ ካላገኘ ከብረትነት አያልፍም፤ ሥልጠናም መሣሪያውን ካልነካ ከቃልነት አያልፍም።

ይህንን ለማስረዳት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያን ምሳሌ አድርገን መርጠናል። ስለ ምን ቢባል፣ የሰው ልጅ ከሚሠራባቸው ቦታዎች ሁሉ ቸልተኝነትን አጥብቀው ከሚቀጡት አንዱ እርሱ ነውና። በእንዲህ ያለ ጣቢያ የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ማሽን ያንቀሳቅሳል። እስከዚህ ድረስ በከሰል ከሚሠራው ማመንጫ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ማሽኑ በቆመ ጊዜ ነው። የማገዶ እሳት ውኃ ቢያፈሱበት ይጠፋል፤ የመኪና ሞተርም ቍልፉን ቢያዞሩት ጸጥ ይላል። ሪአክተሩ ግን የአቶሙ መሰንጠቅ በተገታ ጊዜ እንኳ ከሙሉ ሙቀቱ 6 ወይም 7 በመቶ ያህሉ ይቀርበታል፤ ይህም ቅሪት እየቀነሰ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ከቆመም በኋላ የሚያቀዘቅዘው ውኃ ሊቋረጥበት አይገባም። ውኃው ከተቋረጠ ነዳጁ ይቀልጣል፤ ጨረሩም ከታጠረበት ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ አደጋው በሚደርስበት ሰዓት መመሪያ ፈልጎ ለማንበብ፣ የግምጃ ቤት ቍልፍ የያዘውንም ሰው ከቤቱ ለማስጠራት ጊዜ የለም ማለት ነው።

እኛ እንዲህ ያለውን ጣቢያ የመመርመር ዕድል አላጋጠመንም፤ አገራችንም እስከ ዛሬ ድረስ የላትም። ይሁን እንጂ የዕለት እንጀራችን የምርመራ ሥራ ስለ ሆነ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በፋብሪካዎችና በመጋዘኖች እየተዘዋወርን የአደጋ መከላከያ ዕቃ ስንቈጥር ኖረናል። ከዕለታት አንድ ቀን ኬሚካል ወደሚከማችበት አንድ ትልቅ መጋዘን ሄድን። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ 40 የመተንፈሻ ጭንብሎችን ከነመዝገቡ አቀረቡልን፤ አንድም አልጎደለም። የሥልጠናው መዝገብም 40 ፊርማዎች ነበሩበት። ከሠራተኞቹ መካከል በዕድሜ ጠና ያሉትን አንዱን ሰው ጠርተን፣ «እባክዎ አባባ፣ ይህን ጭንብል አጥልቀው ያሳዩን» አልናቸው። ሰውየውም ጭንብሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፊትና ኋላውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ጌታዬ፣ መፈረሙን ፈርሜአለሁ፤ አጥልቄው ግን አላውቅም» ሲሉ መለሱልን። ጭንብሉ ገና ከፋብሪካ በመጣበት ላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ነገሩ ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ «ቢቀደድ ከደመወዜ ይቈረጣል፤ በላስቲኩ ውስጥ ቢቀመጥ ግን ማንም አይጠይቀኝም» አሉን።

እኒህን ሰው ለመውቀስ አንደበታችን አልታዘዘልንም። የተናገሩት እውነት ነበርና። የንብረት ደንቡ ጭንብል የጎደለበትን ሰው ይቀጣል፤ በጭንብሉ መጠቀምን ያላስለመደውን ሰው ግን አይጠይቅም። ሰው ደግሞ በሚጠየቅበት ነገር ይተጋል፤ በማይጠየቅበት ነገር ይዘነጋል። እንግዲህ በደል ቢኖር በዕቃ ጠባቂው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም፤ ዕቃውን ብቻ ቈጥሮ በሚመለሰው በመርማሪነት ሥርዓቱም ላይ ነው።

ይህ የአንድ መጋዘን ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ ዓለም በሚያውቃቸው ሦስት የኑክሌር አደጋዎች የሆነውን አብረን እንመልከት። ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቱን ግን እንደ አገራችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ማርች 28 ቀን 1979 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ፣ በሁለተኛው ክፍል የውኃ ፓምፖች ቆሙ። ሪአክተሩም ወዲያው በራሱ ተገታ። ነገር ግን ግፊቱን ለማስተንፈስ የተከፈተው ቫልቭ ተመልሶ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል የቫልቩ መብራት ስለ ጠፋ፣ ተረኞቹ ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ ግን የሚናገረው ስለ ቫልቩ መዘጋት ሳይሆን፣ «ተዘጋ» የሚል ትእዛዝ ስለ መተላለፉ ብቻ ነበር። ውኃው ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስስ ቆየ። ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው ፓምፕ በራሱ ተነሥቶ ውኃ ቢያስገባም፣ ተረኞቹ ውኃ እንዳይበዛ መጠንቀቅን አጥብቀው ስለ ተማሩ የሚገባውን ውኃ ቀነሱት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ደወሎችና መብራቶች ተነሡ፤ የማስጠንቀቂያዎቹን ዝርዝር የሚያትመው ማሽንም ከነገሩ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻም ከሪአክተሩ ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ወደ ውጭ የወጣው ጨረር ጥቂት መሆኑ ለሕዝቡ ትልቅ ዕድል ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ክፍል መሣሪያ አልጎደለም፤ ተረኞቹም ፈቃድ ያላቸው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው፤ ይኸውም መብራቱ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ማወቅ ነው። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር 1977 ዓ.ም. በኦሃዮ በሚገኘው በዴቪስ ቤሲ ጣቢያ ይኸው ዓይነት ቫልቭ እንዲሁ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። የዚያ ጣቢያ ሠራተኞች ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነገሩን ስለ ነቁ ጥፋት አልደረሰም። ትምህርቱ ግን በስሪ ማይል አይላንድ መቆጣጠሪያ ለተቀመጡት ሰዎች አልደረሳቸውም። ወረቀት ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዘዋወር፣ ወሬው ከሚያስፈልገው ሰው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

ሁለተኛው አደጋ በዩክሬን፣ በቼርኖቢል ጣቢያ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ የደረሰው ነው። በዚያ ሌሊት የተደረገው ሙከራ ቀን እንዲፈጸም ታስቦ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለ ተፈለገ ግን ለሰዓታት ዘገየ። ስለዚህ ለሙከራው የተዘጋጁት ሰዎች ተራቸውን ፈጽመው ሲሄዱ፣ ሥራው እኩለ ሌሊት ላይ በተቀበሉት ተረኞች እጅ ወደቀ። ሪአክተሩን ለመግታት የሚገቡት ዘንጎች በአንዳንድ ሁኔታ ለጥቂት ሴኮንዶች ኃይሉን እንደሚጨምሩት በ1983 ዓ.ም. በሌላ ጣቢያ ታውቆ ሳለ፣ ለእነዚህ ተረኞች አልተነገራቸውም። እውነቱ የተሸሸገበት ትምህርት ሥልጠና ሊባል አይችልም።

ከፍንዳታው በኋላ ደግሞ የመሣሪያው ነገር መጣ። በሠራተኞቹ እጅ የነበሩት የጨረር መለኪያዎች በሰዓት ከ3.6 ሮንትገን በላይ ማሳየት አይችሉም ነበር። መርፌው እዚያ ደርሶ ቆመ፤ አንዳንድ ኃላፊዎችም የመሣሪያውን ዳርቻ የጨረሩ ዳርቻ አድርገው ያዙት፤ እውነተኛው መጠን ግን ከዚያ በብዙ ሺሕ እጥፍ የሚበልጥበት ቦታ ነበር። ከዚያ ወራት በ134 ሰዎች ላይ ብርቱ የጨረር በሽታ እንደ ደረሰ በምርመራ ተረጋግጧል፤ ከእነርሱም 28ቱ፣ የጣቢያው ሠራተኞችና እሳት ሊያጠፉ የመጡ ሰዎች፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ። እሳት አጥፊዎቹ ጀግኖች ነበሩ፤ ጀግንነት ግን የጨረር መከላከያ ልብስን አይተካም።

ሦስተኛው አደጋ የጃፓን ነው። ማርች 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ብርቱ የምድር መናወጥ ሆነ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላም የባሕሩ ማዕበል የፉኩሺማ ዳይኢቺን ጣቢያ አጥለቀለቀው፤ የኤሌክትሪኩም ኃይል ጠፋ። በአንደኛው ሪአክተር ያለ ፓምፕ ሊያቀዘቅዝ የሚችል አንድ መሣሪያ ነበር። ነገር ግን በኋላ የተደረገው ምርመራ እንደ ገለጸው፣ ከተረኞቹ አንድ ስንኳ ያን መሣሪያ በእውነተኛ አደጋ አንቀሳቅሶት አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ይሥራ አይሥራ ለመለየት ተቸገሩ። መለኪያዎቹን ለማንበብ ከመኪና ባትሪ እየፈቱ በጨለማ ያገናኙ ነበር። በጣቢያው ከነበሩት 5,000 ያህል የግል ጨረር መለኪያዎች መካከል ከማዕበሉ የተረፉት 320 ብቻ ስለ ሆኑ፣ ለጊዜው አንዱ መለኪያ ለአንድ ቡድን እንዲሆን ተደረገ። በመዝገብ 5,000 ብሎ የጻፈ መርማሪ ውሸት አልጻፈም፤ የት እንደ ተቀመጡና ውኃ ቢመጣ ምን እንደሚሆኑ ግን አልጠየቀም።

በዚያው ማዕበል ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የፉኩሺማ ዳይኒ ጣቢያም ተመትቶ ነበር። በእርሱ አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ስለ ተረፈ፣ ተረኞቹ የመለኪያዎቹን ንባብ ማየት ቻሉ። 200 ያህል ሠራተኞች 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን ከባድ የኤሌክትሪክ ገመድ በትከሻቸው ተሸክመው ከአንድ ቀን ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ዘረጉ፤ አራቱም ሪአክተሮች ሳይቀልጡ እስከ ማርች 15 ቀን ቀዘቀዙ። ዕድል እንደ ረዳቸው አይካድም። ነገር ግን ዕድል የሚጠቅመው የሚናገር መለኪያና ንግግሩን የሚያውቅ ሰው በተገናኙበት ቦታ ነው።

ዓለም ከእነዚህ አደጋዎች የተማረው ጥቂት አይደለም። ከ1979 ዓ.ም. በኋላ በአሜሪካ ጣቢያዎች የመቆጣጠሪያው ክፍል ቁርጥ አምሳያ፣ ሲሙሌተር የሚባለው፣ እየተሠራ፣ ተረኞቹ በየጊዜው እየገቡበት ይፈተናሉ። አስተማሪው ሳይነግራቸው አንዱን ፓምፕ ያቆማል፤ ወይም አንዱን መለኪያ ሐሰት ያናግራል፤ መርማሪውም ከኋላ ቆሞ እጃቸውንና ንግግራቸውን ይመለከታል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ ባለሙያዎችን በመንግሥታት ጥያቄ ወደ ጣቢያዎች እየላከ ሥልጠናውን፣ ጥገናውን፣ የጨረር መከላከያውንና የአደጋ ጊዜ ዝግጅቱን ያስመረምራል። እነዚህ ሰዎች ሰነድ ያነባሉ፤ ዋናው ሥራቸው ግን ሥራው ሲሠራ ማየት ነው።

አንዳንዶች «መሣሪያ በልምምድ ያልቃል፤ በጀቱም አይበቃም» ይላሉ። ወጪው እውነተኛ ስለ ሆነ ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በልምምድ ያለቀ ጭንብል ሥራውን ሠርቶ አለቀ፤ በላስቲክ ውስጥ ሆኖ ጎማው የደረቀው ጭንብል ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያገለግል አለቀ። ሁለቱም ወጪ ናቸው፤ አንደኛው ግን የሰለጠነ ሰው ትቶልን ይሄዳል። ስለዚህ የንብረት ደንባችን ለልምምድ የሚውለውን ዕቃ ከሚጠፋው ዕቃ ለይቶ ቢጽፈው፣ ዕቃ ጠባቂው ያለ ፍርሃት ግምጃ ቤቱን ሊከፍት ይችላል። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቈስ» ያሉት ለድስት ብቻ አይደለም።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በሆስፒታሎቻችንም ጨረር ለምርመራና ለሕክምና ያገለግላል። በሴፕቴምበር 2025 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫን ስለ ማቋቋም ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርሟል። እንዲህ ያለ ጣቢያ አንድ ቀን ቢሠራ፣ ሕንፃው በገንዘብና በውል ይመጣል፤ መሣሪያውም በመርከብ ይመጣል። በሌሊት ተራ መብራቱን የሚያነብበው ሰው ግን ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያለ ልጅ ነው። እርሱን ከውጭ የሚያስመጣ ውል የለም።

ስለዚህ መምህራን፣ ተማሪው የመለኪያን ንባብ ብቻ ሳይሆን የመለኪያን ዳርቻ እንዲያውቅ፣ ያልገባውንም «አልገባኝም» ማለትን እንዳያፍር ቢያስተምሩት መልካም ነው። ኃላፊዎችም የክፉ ወሬ አምጪውን ቢሰሙት እንጂ ባይቈጡት መልካም ነው። የሥራ ባልደረቦቻችን መርማሪዎችም ወደ ፋብሪካም ሆነ ወደ ሆስፒታል በሄዱ ጊዜ፣ መዝገቡን ከማየታቸው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ መሣሪያው በማን እጅ ነው? ያ ሰው በመጨረሻ የተለማመደበት ቀን መቼ ነው? መብራት ቢጠፋና ሌሊት ቢሆን ያገኘዋልን? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሲገኝ፣ ያን ጊዜ ብዕራችንን አንሥተን ብንፈርም ፊርማችን ከወረቀት አልፎ የሰው ሕይወት ይጠብቃል።