ቆርኪ፣ ጣውላና የተሸረፈች ጀበና

መምህርነትን የጀመርኩት ደብረ ብርሃን ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ከኮሌጅ እንደወጣሁ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ኦ ክፍል ውስጥ የነባሯ መምህርት ረዳት ሆኜ ተመደብኩ። ኦ ክፍል ያኔ ገና አዲስ ነገር ነበር። በ2002 ዓ.ም. የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት የሚቆዩበት ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ይከፈት ተባለ። ክፍሉ ተከፈተ፤ ዕቃው ግን አብሮት አልመጣም። ለእኛ የደረሱን ከላይኛው ክፍል የተረፉ ረጃጅም ዴስኮች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረቡ ከሃምሳ የሚበልጡ ልጆች ነበሩ።

ነባሯን መምህርት ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው ከተከፈቱት መዋዕለ ሕፃናት በአንዱ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ሲራመዱ የነጭ ጋዋናቸው ኪስ ይንሿሿል፤ ቆርኪ አያጣውም። ከየቡና ቤቱ ደጃፍና ከሠርግ ድንኳን ሥር ለቅመው፣ አጥበው፣ ጠርዙን በመዶሻ ጠፍጥፈው ያመጡታል። እግሬ ክፍሉን እንደረገጠ መጀመሪያ ያዘዙኝ ዴስኮቹን ከጥበቃው ጋር ተጋግዤ እንዳወጣ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እነዚህ እኮ ገና መሬት ላይ የሚውሉ ናቸው፤ ቦታ እንስጣቸው» አሉኝ። በዴስኮቹ ፋንታ ሰሌን ተነጠፈ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ስለማይቻል ከየቤቱ የመጣ አጎዛ ከላይ ተደረበበት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። ገበታዬን ታቅፌ፣ በስንደዶ እየጠቆምኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ድምፅ ሀሁን ስወጣና ስወርድ አድጌያለሁ። ያ ትምህርት ጆሮ ያሠለጥናል፤ በቃል መያዝንም ያስተምራል፤ ውለታው አለብኝ። የእትዬ ክፍል ሌላ ዓለም ሆኖ ያገኘሁትም በዚያ ዓይን ስላየሁት ነው። ክፍሉ በየጥጉ ለተለያየ ሥራ ተከፍሏል፤ እያንዳንዱን ጥግ እሳቸው «ኮርነር» ይሉታል፤ በትምህርት መመሪያው ላይ «የመማሪያ ማዕዘን» ተብሎ ተጽፏል። በበሩ በኩል የግንባታ ኮርነር አለ፤ ከአናጢ ቤት የተለመነ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ የጣውላ ቁርጥራጭ ተከምሮበታል። ከጎኑ የቤት ውስጥ ኮርነር፤ አፏ የተሸረፈ ጀበና፣ እጀታ የሌላቸው ስኒዎች፣ አሮጌ ነጠላና የጨርቅ አሻንጉሊት አሉት። ቀጥሎ ባዶ የስኳርና የሻይ ካርቶን የተደረደረበት ሱቅ ይመጣል። መስኮቱ ሥር የሳይንስ ኮርነር፣ ከሁሉም ራቅ ባለው ጥግ ደግሞ የመጻሕፍት ኮርነር። ጫጫታ የሚወደውና ጸጥታ የሚፈልገው እንዳይጋጩ እትዬ አስበው ነበር ያራራቋቸው። ዕቃው ሁሉ ልጅ እጁን ሰዶ በሚያነሣበት ከፍታ ላይ ነው። መደርደሪያው ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በከሰል ስለተሣለ፣ ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ያነሣውን የቱ ጋ እንደሚመልስ ያውቃል።

ጠዋት ከመዝሙርና ከተረት በኋላ ምርጫ ይጀመራል። እያንዳንዱ ልጅ ሥዕል ያለበት የካርቶን ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ የአንዱ ዶሮ፣ የአንዷ ፀሐይ ነው። በየኮርነሩ የተወሰኑ ምስማሮች ተመትተዋል። ልጁ የመረጠበት ኮርነር ሄዶ ካርዱን ይሰቅላል፤ ምስማሩ ከሞላ ሌላ ቦታ ይፈልጋል ወይም ተራውን ይጠብቃል። እትዬ ከመልቀቃቸው በፊት «ዛሬ የት ነህ? ምን ልትሠራ አሰብክ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሲጨርሱም ሰብስበው «ምን ሠራሽ? ምን አስቸገረሽ?» ይላሉ። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ዕቅዱን ተናግሮ፣ ሠርቶ፣ የሠራውን መልሶ ሲተርክ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው።

ከልጆቹ መካከል ከአያቱ ጋር ከገጠር የመጣ አንድ ዝምተኛ ነበር። ስሙን ብንጠይቀው አይመልስም፤ ስንዘምር ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ሳምንታት አለፉ። እትዬ አልገፉትም፤ ሁልጊዜ የሚመርጠው የግንባታ ኮርነሩን ስለነበር እዚያው አጠገቡ ተቀምጠው ጣውላ ያቀብሉት ጀመር። አንድ ጠዋት የበሬሳ ወንዝን ድልድይ ሠራ። ሌላው ልጅ በክብሪት ቀፎ ባጃጅ ሊያሳልፍ ሲል ድልድዩ ፈረሰ። ያ ዝምተኛ ብድግ ብሎ «ቀስ በል! ጠቧል እኮ፤ ሌላ ጣውላ ይጨመርበት!» አለ። እትዬ ቀና እንኳ አላሉም። «በምን ያህል ይስፋ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ሁለት አጫጭር ጣውላ አንድ ረጅሙን እንደሚያክል ለካ፤ ገጠመና አሳያቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ዝም በል ያልነው ቀን ይበዛል።

ያን ጊዜ የያዝኩት እምነት እስከዛሬ አልተወኝም። ልጅ አፉን የሚፈታው እጁ ሥራ ሲያገኝ ነው። ሰሌዳ ፊት አቁመን «ተናገር» ስንለው የሚናገረው የለውም፤ ድልድይ ሲፈርስበት ግን አለው።

የቤት ውስጥ ኮርነሩ የራሱ ሕግ ነበረው። ቡና የምታፈላው ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ «አንተ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ አይቸኩልም» ትላለች። እንግዳው ወደ ጣውላው መሄድ እያማረው ስኒውን ይዞ ይቀመጣል። ሊነሣ ሲሞክር «ገና ቶና ነው! በረካ ሳትጠጣ የት?» ተብሎ ይመለሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ ቅደም ተከተል ነው፤ ቆጠራም ነው። ከሁሉም በላይ ግን ያ ቅብጥብጥ ልጅ በእኔ ትእዛዝ አንድ ደቂቃ የማይቀመጠው፣ እንግዳ ስለሆነ ብቻ ሦስተኛውን ስኒ ይጠብቃል። ኋላ በክረምት ትምህርት ዲግሪዬን ስማር ሩሲያዊው ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ መጻፉን አነበብኩ። ለእኔ ማስረጃው ያ ስኒ የያዘ እንግዳ ነው።

በሳይንስ ኮርነሩ ባቄላና ገብስ በቆርቆሮ ተዘርቶ ነበር። አንዲት ልጅ በየጠዋቱ ባቄላዋን ቆፍራ ታወጣለች። ስትጠየቅ «አድጎ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው» አለች። እትዬ አልተቆጡም፤ በማግሥቱ የማርማላታ ጠርሙስ አምጥተው፣ ባቄላውን በጥጥና በጠርሙሱ ግድግዳ መካከል ሸጉጠው አስቀመጡላት። ሥሩ ወደታች፣ ቡቃያው ወደላይ ሲሄድ ሳትቆፍር አየች። የየቀኑን ቁመት በክር እየለካች ክሩን ግድግዳው ላይ ትለጥፍ ነበር፤ ቁጥር መጻፍ ሳትችል መለካትንና ማወዳደርን ጀመረች።

ይህ ሁሉ ግን ወላጅን በቀላሉ አላሳመነም። አንድ አባት አንድ ቀን በር ላይ ቆመው «እትዬ መምህርት፣ እኔ ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው። እቃቃውንማ ከእኅቶቹ ጋር ቤቱ ይጫወተው የለም?» አሉ። እትዬ «ይግቡ፣ አረፍ ይበሉና ይዩት» ብለው ሱቁ ፊት በርጩማ ሰጧቸው። ልጃቸው ባለሱቅ ነበር። አንዷ ስኳር ስትጠይቀው ከካርቶኖቹ መካከል «ስ» ያለበትን ፈልጎ አወጣ፤ አምስት ቆርኪ ተቀብሎ ሁለት መለሰላት። ጠፍጣፋውን ቆርኪ በሁለት ጣቱ ጫፍ ያነሣበትን መንገድ እትዬ ለአባቱ አሳዩና «እርሳስ የሚይዘው በእነዚሁ ጣቶች ነው» አሏቸው። አባትየው ጭራሽ ተረቱ ለማለት አልችልም፤ ዓመቱን ሙሉ በር ላይ «ስንት ፊደል ደረሰ?» ማለታቸውን አልተዉም። እትዬም በአክብሮት ቁጥሩን ይነግሯቸዋል። ፊደል ይቆጠር ነበርና፤ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈው ገበታ ግድግዳው ላይ ሲሆን፣ ፊደሉ ራሱ ግን በሱቁ ካርቶን፣ በልጆቹ ካርድና በየመደርደሪያው ላይ ነበር።

በክረምት ትምህርቱ ላይ እትዬ የሠሩት ሥራ የረጅም ዘር ሐረግ እንዳለው ተረዳሁ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ለሕፃናት የከፈተው ቤት ከእንጨት በተሠሩ ኳሶችና ኩቦች ያስተምር ነበር። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሠፈር በከፈተችው ቤት፣ ወንበሩንና መደርደሪያውን በልጆች ቁመት አሠርታለች። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ኢፕሲላንቲ ከተማ በድህነት ውስጥ ያደጉ 123 ልጆችን ይዞ የተጀመረው የፔሪ ጥናት ደግሞ «አቅድ፣ ሥራ፣ መልሰህ ተናገር» በሚል ሥርዓት የተማሩትን ካልተማሩት ጋር እስከ አርባ ዓመታቸው ተከታትሏል። የተማሩት ሁለተኛ ደረጃን በማጠናቀቅም በገቢም በልጠው፣ በእስር ቁጥር ደግሞ አንሰው ተገኙ። መምህሩ ይህን ሲያስረዱን ጠዋት ጠዋት የምሰማው የእትዬ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

ብዙ ኦ ክፍሎችን ከዚያ ወዲህ አይቻለሁ። ያሳዘነኝ የዕቃ እጥረት አይደለም። ኮርነር ተብሎ የተሠራው ሁሉ ልጅ እንዳያበላሸው ከፍ ተደርጎ የተሰቀለበት፣ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ብቻ አቧራው የሚራገፍበት ክፍል ገጥሞኛል። ልጆቹ ከሥሩ ተደርድረው በጋራ ድምፅ ይደግማሉ። እንዲህ ያለ ኮርነር የግድግዳ ጌጥ ነው። ልጅ ያልነካው ዕቃ አያስተምርም፤ ነክቶትም አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ለምን ወደቀ? ምን ብናደርግ ይሻላል?» የሚለው ትልቅ ሰው ካጣ ግማሹ ይቀራል። ለአንድ መምህር ሃምሳ ልጅ ሰጥቶ ይህን መጠየቅም ከባድ ነው፤ እትዬም ረዳት ባይኖራቸው ኖሮ በየኮርነሩ መቀመጥ ባልቻሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃን ትምህርት ሁለት ዓመት አድርጎታል። መልካም ነው፤ ግን ሁለቱንም ዓመት በድጋሚ ንባብ ብቻ ከሞላነው ልጁን ቶሎ ማሰልቸት ይሆናል። ስለዚህ ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ለኦ ክፍል ረዳት አትንፈጉ፤ ሥራውን የለመደችውን መምህርትም በየዓመቱ አታዘዋውሩ። መምህራን ሆይ፣ በጀት እስኪለቀቅ አትጠብቁ፤ ዕቃውን ከግድግዳው አውርዱት፤ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ልጆቹ መርጠው ይሥሩበት። ወላጆችም ልጃችሁን በር ላይ ስትቀበሉ ስንት ፊደል እንደደረሰ ጠይቁ፤ ግን አስቀድማችሁ ዛሬ ምን እንደሠራ ጠይቁት።