ሳይጫኑት የሚያረጋጋ ማጥፊያ

በሥነ ልቦና ትምህርት ስሜትን መግራት የሚባለው፣ ሰው ቁጣው፣ ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ሲነሣበት እንዳይገነፍል ወይም እንዳያሽመደምደው መጠኑንና አገላለጹን ለማስተካከል የሚያደርገው ጥረት ሲሆን፣ ይህ ጥረት ብዙ ጊዜ የትዕግሥትና የእምነት ጥንካሬ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ስሜትን የመግራት አቅም ሰው ከፊቱ ባለው ምርጫም ይወሰናል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ ከወለጋ የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች በተጠለሉባት በደብረ ብርሃን፣ በቻይና ካምፕና በባቄሎ መጠለያዎች፣ ይህ የዕለት ተዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው።

ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት፣ የከተማ ኑሮ ውጥረትን በሚመረምር መጽሐፋቸው ያቀረቡት ሙከራ ነገሩን ያፍታታል። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ የሚረብሽ ጩኸት እንዲሰሙ ከተደረጉት ሰዎች መካከል ለከፊሎቹ፣ ሲበዛባቸው ጩኸቱን የሚያቆሙበት ማጥፊያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ አብዛኞቹ ማጥፊያውን ሳይጫኑት ያንኑ ጩኸት እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በቀረበላቸው አስቸጋሪ እንቆቅልሽ ላይ ማጥፊያ ካልነበራቸው ይልቅ ታግሠው ቆዩ፣ በጽሑፍ እርማትም ብዙ ስሕተት ለቀሙ። ጩኸቱ አልቀነሰም፤ ያረጋጋቸው፣ ሲያንገፈግፋቸው የሚያደርጉት ነገር በእጃቸው መኖሩን ማወቃቸው ነበር።

የመጠለያ ኑሮ አስቀድሞ የሚነጥቀው ይህንን ማጥፊያ ነው። የትኛውን ማሳ በቆሎ፣ የትኛውን ሰሊጥ እንደሚዘራበት፣ በሬውን አሁን ይሽጠው ወይስ ለበዓል ገበያ ያቆየው እንደሆነ ራሱ ሲወስን የኖረ ገበሬ፣ አሁን የሚበላው እህል ዓይነት፣ የሚታደልበት ቀንና የሚተኛበት ስፍራ ሁሉ ሌላ ሰው ወስኖለት ይጠብቀዋል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በራሱ ከባድ ነው፤ ከውርጩ ዞር የሚሉበት ሌላ ጥግ እንደሌለ ማወቅ ግን ክብደቱን ያብሰዋል። ተፈናቃይ ከተሰፈረለት ስንዴ ጥቂቱን ሸጦ በርበሬ፣ ቡና ወይም ለልጁ ደብተር ሲገዛ እርዳታ እንዳባከነ የሚቆጥሩት አሉ። ይህ ፍርድ በደል ነው፤ ያ ሰው በዚያች ሽያጭ የገዛ ጓዳውን የማዘዝ ሥልጣኑን ለአንድ ቀን መልሶ አግኝቷልና።

ምርጫው ከእህልና ከገንዘብም ያልፋል፤ ስሜትን የሚገሩበትን መንገድ መምረጥንም ይጨምራል። ጋል ሼፕስና ጄምስ ግሮስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስሜቱ ቀለል ሲልላቸው ነገሩን በሌላ ዓይን ማየትን፣ ሲበረታባቸው ግን ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር ማዞርን እንደሚመርጡ አሳይተዋል። የለቅሶ ቤት ልማድ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ለቀስተኛ ከኀዘንተኛው ጋር ያለቅሳል፣ ሲመሽም ተቀምጦ ያጫውተዋል እንጂ የሟቹን አሟሟት እየደጋገመ አያስተርከውም። መዝጋቢው፣ ጋዜጠኛውና እርዳታ ሰጪው በየተራ የደረሰበትን እንዲናገር የሚጠይቁት ተፈናቃይም፣ «ዛሬ አልናገርም» ማለት እንደሚችልና ይህን በማለቱ ከስንዴው መዝገብ እንደማይሰረዝ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው ምርጫ የመመለስና ያለመመለስ ነው። የካምፓላ ስምምነት የሚባለው፣ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት በአንቀጽ 11፣ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ለመመለስ፣ ባሉበት ለመኖር ወይም ሌላ ቦታ ለመስፈር በነጻነትና በመረጃ ላይ ተመሥርተው እንዲመርጡ መንግሥታት እንዲያስችሏቸው ያዝዛል። መረጃ ማለት እዚህ ላይ የቀዬው ጸጥታ በማን እንደሚጠበቅ፣ ቤቱና ማሳው በማን እጅ እንዳለ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ተከፍቶ እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ይህም በስብሰባ ላይ ከሚነገረው ይልቅ፣ ተፈናቃዮቹ ራሳቸው የሚያምኗቸውን ሰዎች መርጠው ወደ ቀያቸው ልከው፣ እነዚያም አይተው ሲመለሱ የሚያወሩትን ሰምተው፣ ከዚያ በኋላም «እዚሁ እንቆያለን» ለማለት የሚችሉበትን ጊዜ ይጠይቃል።