ልግዛት ወይስ ልተዋት

ሰው በጎልማሳነቱ ያላገኘውን ነገር በሽምግልናው ዋዜማ ሲመኝ ባየሁ ጊዜ አዝንለት ነበር እንጂ፥ ይህ ነገር በእኔ ላይ ይደርሳል ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር። ዕድሜዬን በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት መካከል ያሳለፍሁ፥ መንጃ ፈቃድ የሌለኝ፥ በእግሬና በታክሲ የምሄድ ሰው ነኝ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለው ሰው በ56 ዓመቱ ጣሪያ የሌላትን የስፖርት አውቶሞቢል፥ ያውም የዛገችውን፥ ለመግዛት ዐስቦ አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣ ቢሉህ አትሣቅ፤ ብትሥቅም እስከ መጨረሻው አንብበህ ሣቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 ዓ.ም. ከጎጃም ቅኔ ቤት ወጥቼ አዲስ አበባ በገባሁ ጊዜ ዘመድም ማደሪያም አልነበረኝም። አንድ መሐንዲስና ባለቤታቸው በግቢያቸው ጥግ የነበረችውን አንዲት ክፍል ሰጡኝና አምስት ዓመት ያህል ያለ ኪራይ ተቀመጥሁባት። መሐንዲሱ በ1962 ዓ.ም. የገዟት፥ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር የምትባል፥ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ ቀይ አውቶሞቢል ነበረቻቸው። ዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ እንደ ኋላ ቀር የሚቈጠርበት ዘመን ነበረና እኔም ትምህርቴን ትቼ የቀን ሥራ ልፈልግ ቈርጬ ነበር። መሐንዲሱ ይህን ሰምተው ኖሮ በመስቀል ማግሥት «ና ግባ» አሉኝና ሸራውን አጥፈው ወደ እንጦጦ ይዘውኝ ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ በመኪና የሄድሁት በጭነት መኪና ላይ፥ ከእህል ጆንያ ጋራ ነበር። ነፋሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሊነጥቀኝ ሲታገል፥ የባሕር ዛፉ ሽታ በፊታችን ሲመጣ፥ ልቤ በደስታና በፍርሃት መካከል ሆነ። ከላይ በደረስን ጊዜ ሞተሩን አጠፉና ከተማዪቱን ቁልቁል አሳይተው «ይህ የምታየው ቤት ሁሉ ሲፈርስና ሲሠራ ይኖራል፤ አንተ ግን የያዝኸውን አትልቀቅ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም ትምህርቴን አልተውሁም።

መሐንዲሱ በ1992 ዓ.ም. ዐረፉ። አውቶሞቢሏም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመች። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ባለቤታቸው አስጠሩኝና ቤቱን ሸጠው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መሆናቸውን ነገሩኝ። «ቆራሌው 35 ሺህ ብር ሰጥቶኛል፤ በውጭ አገር ያለው የወንድሜ ልጅ ግን በዚያ በብዙ ገንዘብ እንደምትሸጥ ነግሮኛል። ለማላውቀው ከምሰጣት አንተ በ300 ሺህ ውሰዳት» አሉኝ። በዚያ ጊዜ በእጄ የነበረው ተቀማጭ 400 ሺህ ብር ሲሆን፥ እርሱም ለቤቴ ጣሪያ መለወጫ ብለን ከባለቤቴ ጋራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምነው ነው።

ማታ ለባለቤቴ ይህን ባወራሁላት ጊዜ ቀና ብላ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አየችና «ዝገት ከወደዱ ከራስዎ በላይ አለልዎ» አለችኝ። ዝም አልሁ፤ ነገር ግን ልቤ አልተመለሰም።

የሰው ምኞት ጠበቃ ይፈልጋልና እኔም ስለዚህች አውቶሞቢል የሚነግረኝን ሁሉ ጠየቅሁ፥ አነበብሁም። ፊያት በቱሪኖ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ስፓይደርም በዚያችው ከተማ የአውቶሞቢል ትርኢት እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች። መልኳን የነደፈው በፒኒንፋሪና ቤት ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ቶም ቻርዳ ነው፤ የሞተሯ ፈጣሪም ቀድሞ በፌራሪ ቤት የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። የመጀመሪያው ሞተር 1438 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነበረ፤ ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሁለት ዘንጎች በቴስታታው ላይ ተቀምጠው የሚዞሩትም በሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጋ ነው። በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን አላት። እስከ 1985 ድረስ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ተሠርተው አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ተሸጡ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ዝምድናዋ ነው። ሶቪየት ኅብረት የፊያት 124ን የመሥራት ፈቃድ ከጣልያኖቹ አግኝታ፥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ የሠራችው አውቶሞቢል ላዳ ናት። እንግዲህ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባን ሰው ስንት ዘመን ስታመላልስ የኖረችው ላዳ ታክሲ ለዚህች ቀይ እመቤት የአጎት ልጅ ናት ማለት ነው። ሶቪየቶቹ ግን ለክፉ መንገድና ለብርድ እንድትበጅ ብለው ላሜራዋን አወፈሩት፥ የኋላውንም ዲስክ ፍሬን በታምቡር ለወጡት። ቆንጆዪቱ ሥሥ ናት፤ ታክሲዪቱ ግን ቆዳዋ ወፍራም ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ መካኒክ የሆነውን የእኅቴን ልጅ ይዤ ሄድሁ። እርሱም የእጅ ባትሪ፥ ካቻቪቴ፥ ክሪክና አንዲት ትንሽ ማግኔት ይዞ መጣ። ሸራውን በገለጥን ጊዜ ቀዩ ቀለም ገና ያበራ ነበረና ልቤ ዘለለ። «ጋሼ፥ ቀለሙን አይዩ» አለኝ። ማግኔቷን በፓራፋንጎው ላይ እያስኬደ ሳለ አንድ ስፍራ ስትደርስ መያዙን ተወችና ወደቀች። «ይህ ብረት አይደለም፥ ስቱኮ ነው» አለ። ከዚያም በመሬት ላይ ተጋድሞ፥ ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ሳጥን መሰል ብረት በካቻቪቴው ጫፍ ቢነካው፥ ካቻቪቴው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። የወለሉን ምንጣፍ ባነሣ ጊዜም ሣሩ ከውስጥ ታየ። የፊት አሞርዛተሮቹ የሚታሰሩበትም ብረት እንደ ቅርፊት ይላጥ ነበር። በመጨረሻ ጎኗን በክሪክ ጥቂት ቢያነሣት በሩ አልዘጋ አለ፤ ወገቧ ጐብጦ ነበርና።

ሞተሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ካንዴላዎቹን ፈትቶ ዘይት አፍስሶ አሳደረና በማግሥቱ በእጁ ቢያዞረው ዞረ። «ሞተሩ አልነከሰም፤ ቺንጋውን ለውጦ ካርቡራተሩን ማጠብ ነው። ካምቢዮውም ደህና ነው» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «እንግዲያስ ሞተሩ ካለ ምን ቀረ? ልብሷ ነው የተቀደደው» አልሁት። እርሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «በጭነት መኪና ቢሆን እውነትዎን ነው፤ ሻንሲው ለብቻው ነው፥ ቦዲው ከላዩ እንደ ኮርቻ ይጫናል። ኮርቻው ቢቀደድ በቅሎዋ አለች። ይህች ግን ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ አጥንቷ ነው» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ነገሩ በራሴ ሙያ ገባኝ። ብራናው ደህና ሆኖ ገበታው የተሰበረ፥ ድጉሱም የተላጠ መጽሐፍ በመጣልኝ ጊዜ አልፈራም፤ ገበታ ይለወጥለታል፥ እንደ ገና ይጠረዛል፥ መጽሐፉም ያው መጽሐፍ ነው። ገበታውና ማኅደሩ አምሮ ብራናውን አይጥ የበላው ግን ምን ብትጠርዘው ያው ባዶ ነው። እኔ ዝገቱ በድጉሱ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ብራናው ነበረ።

ዝገት እንዲህ ያለ ጠላት ነው። ብረትን ውሃና አየር ባንድነት ሲነኩት ይዝጋል፤ ዝገቱም ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ስፍራ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። የአሉሚኒየም ዝገት ጥብቅ ሽፋን ሆኖ የቀረውን ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት ግን ፍርክስክስ ያለ ስለ ሆነ እርጥበቱን ወደ ውስጥ እያሳለፈ ይቀጥላል። ስለዚህ በላዩ ስቱኮ መለሰንና ቀለም መቀባት ቍስልን ሳያጥቡ በሻሽ እንደ መሸፈን ነው።

የእኅቴ ልጅ ሒሳቡን በወረቀት ጻፈልኝ። ለመግዣ 300 ሺህ፥ ለላሜራና ለብየዳ 250 ሺህ፥ ለቀለም 150 ሺህ። የወለሉንና የጎኑን ብረት በልኩ ሠርተው የሚሸጡ በውጭ አገር አሉ፤ ለእርሱና ለሌላው መለዋወጫ ቢያንስ 4 ሺህ ዶላር ያስፈልጋል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ገንዘብ ከ440 ሺህ ብር በላይ ሆኗል፤ ቀረጡም ገና አልተቈጠረም። ድምሩ ከአንድ ሚሊዮን 140 ሺህ ያልፋል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተማርሁ፤ የአሮጌ አውቶሞቢል ዋጋ የሚጀምረው ከተገዛ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳብ ብቻውን ልብን አያሸንፍም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏልና፥ እንዲህ ያለችውን ዳግመኛ ከወዴት አገኛለሁ እያልሁ ከራሴ ጋራ ተከራከርሁ። አንድ ሌሊት ግን ተነሥቼ ራሴን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ። ወለሏ ቢለወጥ፥ ጎኗ ቢለወጥ፥ ቀለሟ ቢለወጥ፥ የሚያሽከረክራትም ሌላ ሰው ቢሆን፥ እኔ የምቀመጥባት አውቶሞቢል የትኛዪቱ ናት? የምፈልገው አውቶሞቢሏን ነው ወይስ ያን የመስቀል ማግሥት? ያ ቀን ከሆነ የምፈልገው፥ እርሱ በባሕር ዛፉ ሥር የለም፤ ሥራውን ፈጽሞ በእኔ ዘንድ ተቀምጧል። ስለዚህ ላለመግዛት ቈረጥሁ።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር፤ ለእመቤቲቱ መንገር። ሁለት ፈተና መጣብኝ። አንደኛው፥ ገንዘብ የለኝም ብዬ እውነቱን መሸሸግ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እርሳቸው ሌላ ገዢ እየጠበቁ በከንቱ ተስፋ ይቀራሉ። ሁለተኛው፥ ውለታቸውን አስቤ 300 ሺሁን ሰጥቼ ብረቱን መጣል ነው፤ ይህም የባለቤቴን የዘጠኝ ዓመት ድካም በእኔ ስም መመጽወት ይሆናል። ስለዚህ ሄጄ የማግኔቷንም የካቻቪቴውንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሸራውስ? ሸራው ምንም አልጠቀማትም?» ብለው ጠየቁኝ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ላይ አፌ ተያዘ። እኒህ እናት ሰኔ በባተ ቍጥር 25 ክረምት ሙሉ ያችን አውቶሞቢል በላስቲክ ሸራ ጠቅልለው ሲያስሩ ኖረዋል። የእኅቴ ልጅ ደግሞ ለብቻዬ ሲነግረኝ፥ ወገቧን የበላው ያ ሸራ ነው፤ ከመሬቱ የሚወጣውን እርጥበት አፍኖ ይዞባታል ብሎኝ ነበር። በቅኔ ቤት ሁለት ነገር በአንድ ቃል መናገርን ተምሬአለሁና «እትዬ፥ ሸራው ባይኖር ሞተሩ ዛሬ አይዞርም ነበር» አልኋቸው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ እውነት ሁሉም አይደለም።

እርሳቸው ግን ከእኔ ይልቅ ዐዋቂ ነበሩ። ጥቂት ቆዩና «ከላይ የሚወርደውን ስከለክል ከታች የሚወጣውን አላሰብሁም በለኛ፥ ልጄ» አሉኝ። እኔም ዐይኔን ወደ መሬት አደረግሁ። «አይዞህ፤ ለእርሷ ብዬ ብቻ መሰለህን? ሸራውን ሳስር ያን ቀን ከእርሳቸው ጋራ እውል ነበር» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ የእኅቴ ልጅ ፊያት 125 የሚያድስ አንድ ባለ ጋራዥ አገኘልን፤ የዚያች ሞተር ከዚህች ሞተር ጋራ አንድ ዘር ነው። ሞተሩን፥ ካምቢዮውንና መሪውን በ180 ሺህ ብር ወሰደ። የቀረውን አካል ቆራሌው በ30 ሺህ ጫነው። ሲጭኑት አብሬያቸው ቆሜ ነበር፤ እመቤቲቱ ግን ከቤት አልወጡም።

ይህን የጻፍሁት አሮጌ አውቶሞቢል አትግዙ ለማለት አይደለም። ሞተሩ ሞቶ አካሉ ደህና የሆነውን፥ ሙያ ያለው ሰው ቢገዛ ተስፋ አለው፤ አካሉ በልቶ ሞተሩ የሚዞረውን ግን ድምፁ አያታልላችሁ። ማግኔት ርካሽ ናት፤ ይዛችሁ ሂዱ።

እኛም በግንቦት ጣሪያችንን ለወጥን። ቆርቆሮውን መትተው ከጨረሱ በኋላ ሠራተኞቹ ሊሄዱ ሲሉ አስቆምኋቸውና በቤቱ መሠረት ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ አስቈፈርሁ። ባለቤቴ ይህ ደግሞ ምንድር ነው ብትለኝ፥ ከታች ለሚወጣው ነው አልኋት።